መድረክ ላይ ተቋጥሮ ስላልተፈታው ቁራኛ

ኢትዮጵያ ትቅደም

ቀን፦ የካቲት 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለወረዳው ዋና አስተዳዳሪ ጓድ
አንኮበር

ጉዳዩ፦ የልጅ ልጄ ገብረአብ ወልደተንሣኤ በጭውውት ላይ በተነገረ ቀልድ ምክንያት ስለታሰረ፣ ቀልዱን የተናገረው ማን እንደሆነ በእርስዎ ቃል እንዲረጋገጥልኝ ስለመጠየቅ

አመልካች ወልደአረጋይ ዘርአ ዳዊት የዚሁ ከተማ ነዋሪ ነኝ። ስሜን ባያስታውሱት፣ በአብዮት በዓል ዕለት የበግ ለምድ ገልብጬ ለብሼ መድረክ ላይ ዳኛ የሆንኩት ሽማግሌ ነኝ። ጸሐፊዎ «አባቴ፣ ቁጥር የሌለው አቤቱታ አይነበብም» ስላለችኝ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ። ቁጥሩን ብቻ አንብበው እንዳይተዉት ግን አደራ።

1. ባለፈው መስከረም 2 ቀን፣ ከሰልፉ በኋላ፣ የቀበሌው ኪነት ቡድን በአዳራሹ ስለ ድሮ ችሎት አንድ አስቂኝ ጭውውት አቅርቦ ነበር። አንድ ገበሬ በጉን የወሰደበትን ጭቃ ሹም ይከሳል። ገበሬው ገብረአብ፣ ዳኛው እኔ። ጭቃ ሹሙን የሚሠራው መምህር ጉሮሮው ተዘግቶ ስለቀረ ሁላችንም ግራ ገባን። ያን ጊዜ እርስዎ ከፊት ወንበር ተነሥተው «ካባውን ወዲህ በሉት፤ ሰፊው ሕዝብ መሪው ሲጫወትም ይይ» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ካባው ከአባቴ ሣጥን የወጣ ነውና ሳለብስዎ ወደ ጆሮዎ ጠጋ ብዬ «ጓድ፣ ልክዎ እንዳይሆን እፈራለሁ» ብዬ ነበር። እርስዎም ሳቁ። ካባው ልክዎ ሆነ።

2. በድሮው ወግ ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍ በቁራኛ ተቋጥሮ ከዳኛ ፊት ይቆማሉ። ፍርድ ሳይሰጥ ቋጠሮው አይፈታም። ገብረአብም የጋቢውን ጫፍ ከካባዎ ጫፍ ጋር ቋጠረና «ተጠየቅ! በጌን ወስደሃል» አለ። በጽሑፉ መሠረት እርስዎ «አልወሰድኩም» ብለው ሊክዱ፣ እኔም ልፈርድ ነበር። እርስዎ ግን ከጽሑፉ ወጡ። ሆድዎን በእጅዎ እየዳበሱ «በጉንስ አመጣህ፤ በሬውን መቼ ታመጣለህ?» አሉት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ዳኝነቴን ረስቼ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። እውነት ለመናገር ከእርስዎ የሚበልጥ ተጫዋች በዚህ አገር አላየሁም። ሳቁ አላባራ ስላለ ሳልፈርድ መጋረጃው ተዘጋ። እርስዎ ካባውን ጥለው ወረዱ፤ ገብረአብ ካባ እየጎተተ ቀረ።

3. ጭውውቱ በቴፕ ተቀድቷል። የተቀዳውም በፈቃድዎ ነው። «ደነባም ደብረ ብርሃንም ይስማው» ያሉት እርስዎ ነዎት። የአሊዩ አምባው ባለሱቅ ዓወል ካሴቱን እያባዛ ለገበያተኛው ሸጠ። ሻይ ቤት ገባን፣ የእርስዎ ድምፅ፤ አውቶቡስ ተሳፈርን፣ የእርስዎ ድምፅ። እርስዎም ደስ ብሎዎት «ሰው ሲስቅ አገር ሰላም ነው» ይሉ እንደነበር ሰምቻለሁ።

4. በጥር ወር የእህል ኮታ ሲሰበሰብ፣ አንድ ገበሬ ስልቻውን አስመዝኖ ሲያበቃ ሚዛኑ ላይ ለተቀመጠው ሠራተኛ «በጉን አመጣሁ፤ በሬውን መቼ ላምጣ?» አለው። ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። በሌላው ቀበሌም እንዲሁ ሆነ። ልጆች መኪናዎ ሲያልፍ እምቧ ማለት ጀመሩ። ጓድ፣ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ስተርብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሳቅ መልኩን ሲለውጥ አውቃለሁ። ቃሉ ያው ነው፤ ሳቁ ግን የአዳራሹ ሳቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የዓወል ሱቅ ተዘግቷል። ሚስቱን ሰሊሃን ስጠይቃት «ገበያ ወርዷል፣ ኢንሻአላህ ይመጣል» ትለኛለች። ገበያው ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ነው። ሻይ ቤቱም ቴፑን አንሥቶ የነበረበትን ቦታ በጨርቅ ሸፍኖታል። አሁን እኔ ሰው ስተርብ፣ የተተረበው ሰው ከመሳቁ በፊት ወደ ኋላው ዞር ብሎ ያያል።

5. ገብረአብን የወሰዱት ከአውድማ ሲመለስ ነው። ያለው ከጽሕፈት ቤትዎ ጀርባ፣ የኮታው እህል በተከማቸበት መጋዘን ውስጥ ነው። ጠባቂው ለገብረአብ ሚስት ለአልታየች እንደነገራት፣ መርማሪው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የበሬውን ነገር ማን ጻፈው?» ልጁ ዝም ይላል። «እኔ ነኝ» ቢል ሐሰት ነው። «እርሳቸው ናቸው» ቢል ምን እንደሚከተል ለእርስዎ አልነግርዎትም። ዝምታው ደግሞ እንቢተኝነት ተብሎ ተይዞበታል። በዚያች አዳራሽ የነበረ ሰው ሁሉ የተናጋሪውን ድምፅ ያውቃል፤ የሚመሰክር ግን አንድም አላገኘሁም። አልፈርድባቸውም።

6. አልታየች በየቀኑ ስንቅ ታመላልስ ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ ግን በሩ ላይ «ለጊዜው አታምጪ» ተባለች። አገልግሉን እንደተከደነ ይዛ ተመለሰች። ይህንኑ ቃል በ1970 ዓ.ም. ለጎረቤቴ ለወለተሐና ሲነግሯት ሰምቻለሁ። ያ «ለጊዜው» የተባለው ጊዜ እስከ ዛሬ አላለቀም። ስለዚህ እዚህ ቁጥር ላይ አልቀልድም።

7. የምለምነው ይህ ነው። ለመርማሪው «ቀልዱ የእኔ ነበር» ብለው አንድ ቃል ይናገሩልኝ። ቀልድ የእርስዎ ሲሆን ወንጀልነቱ ይቀራል፤ የልጁ ሲሆን ግን የት እንደሚያደርሰው እያየን ነው። ቃሉ እስኪነገርም የዛሬው ስንቅ ይግባለት፤ በሕይወት መኖሩን የምናውቀው ባዶው አገልግል ሲመለስ ነው።

ይህ የማይቻል ከሆነ እኔን ከልጁ ጋር በቁራኛ አስረው መጋዘኑ ያስገቡኝ። ጥርስ ስለሌለኝ ለኮታው እህል አያስቡ።

8. ካባውና ጋቢው እስከ ዛሬ እንደተቋጠሩ ናቸው። ገብረአብ በማግስቱ ሊፈታቸው ሲል «ዳኛው መች ፈረደና!» ብዬ ቀልጄበት ነበር፤ እርሱም እየሳቀ ተወው። አሁን ጭኔ ላይ አስቀምጫቸው ከጽሕፈት ቤትዎ በር ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። ጉሙ ገለጥ ሲል ከመስኮትዎ ያዩኛል። አላፊ አግዳሚው ካባውን ያውቀዋል፤ ያያል፣ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ዳኛው እኔ ነኝና ቋጠሮውን መፍታት የእኔ ፋንታ ነው። የምፈታው ግን ሁለታችሁም ከፊቴ ስትቆሙ ነው። ብቻዎን ቢወጡ አልፈታውም።

መልስዎን እዚሁ ሆኜ እጠብቃለሁ።

በሽማግሌ ወግ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ፣ ከሰላምታ ጋር

ወልደአረጋይ ዘርአ ዳዊት
(ፊርማ)

ግልባጭ፦ አቤቱታው ግልባጭ የለውም፤ የጻፍኩት ለእርስዎ ብቻ ነው። ካሴቱ ግን ስንት ግልባጭ እንዳለው የሚያውቀው ዓወል ነበር።