ሁለት ጤነኛ ዲስኮች ስለጸዱልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የኮምፒውተር ጥገናና የደንበኞች አገልግሎት ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ከነመላው ሠራተኞችዎ፣ ከነመስኮቶችዎና ከነወረፋዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ በአክብሮት እጅ እነሣለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ በተለይም ድምፅዎ የጠራ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ የመጨረሻውን ምኞት ለምን እንደጨመርኩት ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይደርሱበታል። እኔ በማዕከልዎ ዘንድ በወረፋ ቁጥር ብቻ የምታወቅ ደንበኛ ነኝ። ከዚያ ውጪ ግን ጡረታ የወጣሁ ሊፍት ጠጋኝ፣ የአንዲት ሴት ባል፣ የአንዲት ልጅ አባት፣ ፈጣሪ ቢፈቅድ ደግሞ በቅርቡ አያት ነኝ። ደብዳቤዬን ለሕዝብ ግልጽ ያደረግሁት ቀደም ሲል አሽጌ የላክኋቸው ሳይከፈቱ እንደቀሩ ስለገባኝ ነው እንጂ እርስዎን በአደባባይ ለማሳጣት ብዬ አይደለም፤ እሱን ሥራ ማዕከልዎ ያለ እኔ እርዳታ ሲያካሂደው ቆይቷል።

ቅሬታዬን በቁጥር ከመዘርዘሬ በፊት ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎ። ባለቤቴ የአውቶቡስ መናኸሪያ አስተዋዋቂ ነበረች። ከተማው ውስጥ አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ፊቷን ባያውቅ ድምፅዋን ያውቃል፤ ሻንጣ ተሸክሞ የቆመውን አሯሩጣ የምታሳፍር፣ የጠፋ ልጅ በስሙ ጠርታ ለእናቱ የምታስረክብ ሴት ነበረች። ባለፈው ዓመት ጉሮሮዋ ላይ ዕጢ ተገኘ። ሐኪሙም ነፍሷ እንድትተርፍ ማንቁርቷ መውጣት እንዳለበት፣ ከዚያ በኋላም ድምፅ የሚባል ነገር እንደማይኖራት ሳይደብቅ ነገረን።

እሷ አልቅሳ ስትጨርስ ምን እንዳደረገች ልንገርዎ። የልብስ ቁም ሳጥኑን ከፍታ፣ ወንበር አስጠግታ፣ ራሷን ካፖርቶቹ መሃል ከትታ በስልኳ መቅዳት ጀመረች፤ ልብስ ማሚቶ ይውጣል፣ ድምፅ ያጠራል ትላለች። ልጃችን የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ባለቤቴ ገና ላልተወለደው የልጅ ልጇ እሹሩሩውን ቀዳች፣ ተረቱን ቀዳች፣ ቁጥር መቁጠሩን ቀዳች። ቁጣም ሳይቀር ቀዳች፤ «የአያት ቁጣ ያልሰማ ልጅ በምን ያድጋል?» ትል ነበር። ሴት ይሁን ወንድ ስላልታወቀም «ከዚያ ውረጂ፣ ትወድቂያለሽ!» ካለች በኋላ ውሃ ትጎነጭና «ከዚያ ውረድ፣ ትወድቃለህ!» ብላ ትደግመዋለች። ለእኔም የሚደርሰኝን አልነፈገችኝም፤ «መድኃኒትህን ዋጥክ?» የሚልና «የኮሪደሩን መብራት አጥፋ እንጂ፣ ሰውዬ» የሚል ትታልኛለች።

ይህ ሁሉ የተቀመጠው ኮሪደራችን ውስጥ፣ ከጫማ መደርደሪያው በላይ ባለው ሰርቨር ላይ ነበር። ሰርቨር ማለቴ ያስቅዎት ይሆናል፤ ከአሮጌ ኮምፒውተር በገዛ እጄ የሠራሁት፣ የቤታችንን ፎቶ፣ ቪዲዮና ሰነድ ሁሉ የያዘ ሳጥን ነው። ሁለት ዲስኮች አሉት፤ በአንዱ ላይ የሰፈረው ሁሉ ወዲያው በሌላውም ላይ ይሰፍራል፣ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ። ስልኳ በሞላ ቁጥር ቅጂውን ወደ ሰርቨሩ አዛውሬ ስልኩን አራግፍ ነበር። ሦስተኛ ቅጂ ከልጃችን ቤት ማኖር እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ ከሆስፒታል ስንመለስ እናደርገዋለን ብለን ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝ አልቀየምም።

አንደኛ። ከቀዶ ጥገናው ጥቂት ቀደም ብሎ ሰርቨሩ ያመው ጀመር። አንዱ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ይልና ይሰወራል፣ ሲነጋ ይመለሳል፤ በማግስቱ ደግሞ ተራው የሌላው ይሆናል። እኔ ስልክ ላይ ትዕግሥት ስለሌለኝ ወደ ማዕከልዎ የደወለችው ባለቤቴ ናት። «ይህ ጥሪ ለአገልግሎት ጥራት ሲባል ይቀዳል» ተባለች፣ ከዚያም ሙዚቃ ተከፈተላትና ሻይዋ እስኪበርድ ጠበቀች። ድምፅ ሊያልቅባት ጥቂት ቀን ለቀራት ሴት እንዲህ በነጻ ሙዚቃ ማሰማትዎ የማይረሳ ውለታ ነው። በመጨረሻ የተገኘው ሠራተኛዎ አጥፍተሽ አስነሺው አላት። እሷም «ወንድሜ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ሳስነሳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይሄ ግን ባስነሳው ባስነሳው እምቢ አለኝ» ብትለው ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። አጠገቧ ተቀምጬ ስለነበር ሰምቻለሁ። ለሳቁ የማመሰግንዎት ከምሬ ነው፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከምሬ ያመሰገንኩት እሱን ብቻ ስለሆነ ለይተው ያስቀምጡልኝ።

ሁለተኛ። ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ፣ ከሁለቱ ባሰበት ያልኩትን ዲስክ በፎጣ ጠቅልዬ እዚያው ማዕከልዎ ድረስ መጣሁ። ሌላው ቤት ቀርቶ ነበር። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ፈገግ ብላ «ሁለቱንም ያምጡልን አባባ፤ ጥንድ ስለሆኑ አብረው ነው የሚመረመሩት» አለችኝ። አባባ መባሉ ሆዴን አላራራውም ብል እዋሻለሁ። በሁለት ታክሲ ተመልሼ ሁለተኛውንም አመጣሁ። ሳስረክብም ቃል በቃል «ልጄ፣ ዲስኩ ቢቀየር ባይቀየር ግድ የለኝም፤ የምፈልገው ውስጡ ያለውን ነው፣ የባለቤቴ ድምፅ አለበት» አልኳት። «አይጨነቁ፣ እኛ ጋ የሚጠፋ ነገር የለም» አለችኝ። በእርግጥም የጠፋ ዕቃ የለም፤ ሁለቱም ዲስኮች፣ ብሎኖቻቸውና ፎጣዬ ሳይቀሩ ተመልሰውልኛል። ፎጣው እንዲያውም ተጣጥፎ ነበር።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ስለ ሠራተኞችዎ የግል ባሕርይ የሚናገር ሲሆን፣ ባለቤቴ ረቂቁን አንብባ በእርሳስ ስለሰረዘችው ዘልዬዋለሁ።

አራተኛ። ውጤቱ ደርሷል ተብዬ ስመጣ መነጽር ያደረገው ባለሙያዎ ቆሞ ተቀበለኝ። «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ሁለቱም ሙሉ ጤነኛ ናቸው፤ አንድ እንከን አላገኘንባቸውም» አለኝ። እጁን ስሜ ልወጣ ምንም አልቀረኝም። ቤት ወስጄ ስሰካቸው ሁለቱም ባዶ ናቸው። ሰው የገባበት የማያውቅ ቤት እንኳ አቧራ ይኖረዋል፤ እነዚህ ግን ከፋብሪካ የወጡ ዕለት እንዲህ የጸዱ አይመስለኝም። ተመልሼ ስጠይቀው ባለሙያዎ እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ አስረዳኝ፤ የደንበኛን ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል ወደ ማዕከሉ የሚገባ ማንኛውም ዲስክ ከምርመራ በፊት ይጸዳል፣ አሠራራችሁ ነው። ተመልሶ የሚገኝበት መንገድ ይኖር እንደሆነ ለመንኩት። ቅር ብሎት «እኛ እኮ እንደ ሌላው ላይ ላዩን አይደለም የምናጸዳው» አለኝ። ሥራውን የሚወድ ሰው ነው፤ ዕድገት ይገባዋል።

የክቡርነትዎ ማዕከል ዲስኮቹ ጤነኛ መሆናቸውን ያረጋገጠው ውስጣቸው የነበረውን ካጠፋ በኋላ ነው። ጤነኛ ነበሩ ማለት ደግሞ ከማጽዳታችሁ በፊት ድምፅዋ በሁለቱም ላይ ሳይነካ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እርስዎም አንዴ ደግመው ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

በሽታውን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሳጥኑን ከፍቼ በባትሪ ሳየው፣ ለሁለቱም ዲስኮች ኃይል የሚያካፍለው ኬብል አንድ ጫፉ ጠቁሮ፣ ላልቶ ተንጠልጥሏል። ሲሞቅ ይለቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይይዛል። በአዲስ ቀየርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ዲስኮቹ አንዴም ሳይንገራገጩ እየተሽከረከሩ ናቸው፣ የሚይዙት ነገር የላቸውም እንጂ። እኔ ራሴ አስቀድሜ ኬብሉን ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም፤ የሚስትህ ጉሮሮ ሊቀደድ ነው የተባለ ሰው ዓይኑ ብዙ ነገር አያይም።

ስለ ሙያ ከተነሣ ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ነውና አንድ ነገር ላካፍልዎ። ሊፍት ቆመ ተብለን ስንጠራ፣ የመጀመሪያው ሥራችን መፍቻ ማንሣት አልነበረም። ማብሪያ ማጥፊያም አንነካም። በሩን በመዳፋችን ደብደብ አድርገን «ውስጥ ሰው አለ?» ብለን እንጮኻለን። መልስ ባይመጣ እንኳ ዝም ብለን እናዳምጣለን፤ የደነገጠ ሰው ቶሎ አይመልስምና። ሊፍቱ ተሠራ አልተሠራ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው። በማዕከልዎ ማንም ይህን አልጠየቀም። እኔ ደግሞ ሳልጠየቅ፣ በመስኮታችሁ ጎንበስ ብዬ፣ አዎ ሰው አለ ብያችሁ ነበር።

አምስተኛ። ባለቤቴ አንገቷ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ ተበጅቶላት ወደ ቤት ስትመለስ በትንሽ ነጭ ሰሌዳዋ ላይ ገና ከአልጋው ጠርዝ ሳትነሣ የጻፈችው «ዲስኮቹስ?» የሚል ነበር። እኔም «ሁለቱም ሙሉ ጤነኛ ናቸው» አልኳት። አልዋሸሁም፣ የባለሙያዎን ቃል ነው የደገምኩላት። ፈገግ ብላ ተኛች። ልጃችን ሆዷን ይዛ ልትጠይቃት የመጣች ዕለት ግን እሹሩሩውን አሰማት ብላ በጣቷ ወደ ኮሪደሩ ስታመለክተኝ ማምለጫ አጣሁ። ነገርኳት። ሰሌዳዋን አነሣች፣ እስክሪብቶውን ከፈተች፣ ምንም ሳትጽፍ ከደነችው። ልጃችን «እማዬ፣ ግድ የለም፣ እኔ እዘፍንለታለሁ» ብትላት ራሷን ነቀነቀች። ሰው ሲያለቅስ ድምፅ ባይወጣው ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር፤ አሁን አውቃለሁ። እኔም አለቀስኩ፣ ይህንንም ስጽፍልዎ አላፍርም።

ስለዚህ የካሣ ጥያቄ የለኝም፤ ይቅርታ ይጠይቁኝም አልልም፣ ለማያውቁት ሰው ይቅርታ ማባከን ይሆናል። የምለምነው አንድ ነገር ነው። መናኸሪያው ማስታወቂያውን ሳይቀዳ በቀጥታ እያስነገረ አየር ላይ በትኖታል። ልጃችን ስልኳን በርብራ ያገኘችው ፎቶ ብቻ ነው፤ እናትና ልጅ ሲደዋወሉ ያወራሉ እንጂ አይቀዱም። በዚህ ዓለም ላይ የባለቤቴ ድምፅ ቀርቶ ከሆነ የቀረው በእርስዎ ዘንድ ነው፤ ያን ዕለት «ለአገልግሎት ጥራት ሲባል» ቀድታችኋታል። ስለ አውቶቡሶቹ የተናገረችው፣ ሠራተኛዎን ያሳቀችው፣ ራሷም የሳቀችው እዚያ አለ። ምናልባት ስትጠብቅ ለእኔ «ሻዩ በረደ» ያለችውም ተቀድቶ ይሆናል። የልጅ ልጄ የአያቱን ድምፅ የሚሰማው ስለ ጥገና ማዕከል ስታማርር ቢሆንም ግድ የለኝም፤ ከምንም ይሻላል። እባክዎ ያን ጥሪ ለማንም ባለሙያ ሳይሰጡ፣ ሳይመረምሩ፣ ከሁሉም በላይ ሳያጸዱ ይላኩልኝ።

ሁልጊዜም የማዕከልዎ ትሑት ደንበኛ፣ የተጣጠፈው ፎጣ ባለቤት፣ ሁለት እጅግ ንጹሕ ዲስኮችን ያለ ሥራ የሚቀልብ፣ በአገልግሎታችሁ ቃል ያጣ ቤተሰብ አባወራ፤

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለጥንቃቄ ብዬ ደውዬ ነበር። ሠራተኞችዎ የጥሪው ቅጂ መኖሩን አይተው አረጋግጠውልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። የሚሰጠው ግን ለድምፁ ባለቤት ብቻ መሆኑን፣ እሱም ምስጢሯን ለመጠበቅ ሲባል ራሷ ደውላ ስሟን በገዛ አንደበቷ ተናግራ ስትጠይቅ ብቻ መሆኑን ነግረውኛል። አሠራራችሁ ነውና ሰኞ ጠዋት ትደውላለች። ሠራተኛዎ «ሃሎ፣ ማን ልበል?» ብሎ መልስ ቢያጣ ስልኩን እንዳይዘጋው አደራ፤ መስመሩ ላይ ያለችው እሷ ናት። ይህንንም ጥሪ ቅዱት።