ከበርበሬው ጣሳ ስር የከረመው ወረቀት

ፍሪድሊ፣ ፌብሩወሪ 2006

ልጄ አክረም፣ አላህ በሄድክበት ሁሉ ይቅደምልህ፤ ምራቴን ኬሊንም በሆዷ ያለውንም ይጠብቅልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። በረዶው ደጃፉን ዘግቶት ሰንብቷል። መኪናህን በየጁምዓው አስነሳታለሁ፤ ሞተሯ እስኪሞቅ ውስጧ ቁጭ ብዬ ዚክሬን አደርጋለሁ።

አንድ ነገር ዋሽቼሃለሁ። ኬሊን ያሳደገቻት እናቷ የጉዲፈቻ ወረቀቷን ይዛ ከኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ድረስ መኪና እየነዳች መጥታ ነበር። «ለትውልደ ኮሪያውያን ለሚሰጠው የመኖሪያ ቪዛ የጎደለው እሱ ብቻ ነው፣ በርበሬውን ስትልኪ አብረሽ ላኪላቸው» ብላ ሰጠችኝ። አንተ ስትደውል ግን «ገና አልደረሰኝም» አልኩህ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከበርበሬው ጣሳ ስር ደብቄው ነበር። ቪዛው ካልተሰጣት ከሴኡል ትመለሳላችሁ ብዬ ነው። አውፍ በለኝ።

ትናንት ጣሳውን ሳነሳ ገልጬ አየሁት። ጥጉ ላይ የሕፃንነት ፎቶዋ አለ፤ ፊቷን ለልቅሶ አጣማለች። ያኔ፣ እዚያ ሄዳችሁ ያገኛችኋት ወላጅ እናቷ ትዝ አለችኝ፤ ልጇን ዳግም ላርቅባት ነበርና አፈርኩ። ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፤ በርበሬውም ሽታው እንዳይገባበት ለብቻው ታስሯል።

ኬሊን አላህ በሰላም ያገላግላት። ወላጅ እናቷን ሰላም በልልኝ። ቋንቋዋን ስለማልችል አንተ ጠይቅልኝ፦ ልጇ ባልነበረችበት በዚያ ሁሉ ዓመት፣ ቀኑ አልመሽ ሲላት ምን ታደርግ ነበር?

እናትህ ሀሲባ