ጥቁሩ ሱፍ ያለቀበት ባና

ልጄ ትሕትና፣ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፤ የነካሽው ይለምልም። እኛ ደኅና ነን፤ ገብሱንም ዘንድሮ ውርጭ ምሮታል።

አባትሽ የብርድ ልብስ ባና ሲሠሩልሽ ጥቁሩ ሱፍ መሐል ላይ አለቀ። እስከ ገበያ ቀን መታገሥ አቃታቸውና ከቀይዋ በግ የፈተልኩትን አስገቡበት። ሲጨርሱ አፈሩ። ጎረቤታችን መስታወት ግን «ውይ ጋሽ ባዘዘው! ለእኔም እንዲሁ ይሥሩልኝ» አለች። የቀዩን መስመር ካንቺው ባና ላይ በገመድ ለክተው ሠሩላት። አላማረም። እሷም አገላብጣ አየችውና «ይሞቃል» አለች።

ከዚያ ወዲህ ሽመናውን ትተዋል። «በአጋጣሚ ካማረ የእኔ እጅ ምን ሠራ?» ይላሉ። እኔ ደግሞ «የሱፉ ማለቅ አጋጣሚ ነው፤ ያለቀበት ሰው ግን አጋጣሚ አይደለም። ሲቸግርዎ ዕድሜ ልኩን የሸመነው እጅዎ መረጠ፤ ለመስታወት ጊዜ ገመዱን አመኑ» አልኳቸው። «የሚስት ምስክርነት አይቆጠርም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ያንቺን ባና ወደዚያ በሚመጣው በደመላሽ እጅ ልኬዋለሁ። ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ስለሆነ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያ ስንወጣ ደውዪ። አምላክ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። አደራ፣ ማመስገኑ ብቻ አይበቃቸውም፤ ሌላ እንዲሠሩልሽ ለምኚያቸው፣ ቀለሙን ግን ለእሳቸው ተዪላቸው።

እናትሽ ጌታነሽ