በእጀታው እንጨት ሥር

ጥር ፱፣ አሶሳ፤ ከቀትር በኋላ

ዛሬም ብረት ስጠርግ ዋልኩ። ኸድር፣ እዚህ ቤቱ ያረፍኩበት ነጋዴ፣ የተፈታ ሽጉጥ በጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ ፊቴ ዘረጋው። ስድስት ጎራሽ ነው። አፈሙዙ ለብቻ፣ የጥይት መያዣው ለብቻ፣ ቃታው ለብቻ። ጌታዬ ፊታውራሪ የላኩኝም ለዚሁ ነው፤ ደህና ሽጉጥ አይተህ ግዛ ብለው።

አልቸኩልም። የእኅቴ ባል ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ ብረት ገጥሞ ሲተኩስ ፈንድቶበት ጣቶቹን አጥቷል። ምልክቱን ሳላይ አልገዛም። የአንድ ሽጉጥ ብረት ሁሉ አንድ ቁጥር ይመታበታል። ቁጥሩ ከተለያየ ብረቱ አብሮ አልተሠራም።

አፈሙዙ ላይ 417። የጥይት መያዣው ላይም 417፣ ከጎኑ ዘውድ። ማስታወሻዬ፣ ዘውዱ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም፤ ጫፎቹ ግን አንድ በአንድ ይታያሉ። በማላውቀው አገር የማላውቀው ሰው እንዲህ አድርጎ ቀረጸው። ደጋግሜ አየሁት። አልጠግበው አልኩ።

ጥር ፲፣ ጧት

የቀረው ዋናው አካል ነው። የእሱ ቁጥር ከእጀታው እንጨት ሥር ይደበቃል። እንጨቱን ልፍታው ብዬ ኸድርን ጠየቅኩት። እንጨቱ ይሰነጠቃል ብሎ ፈራ። ለመንኩት። እሺ፣ ቁጥሩ አንድ ከሆነ እሸጥልሃለሁ አለ።

ፈታሁት። 417። ደስ አለኝ። ዋጋ ልንነጋገር ስንል የእንጨቱን ውስጥ አየሁ፤ በቢላ የተጫረ የዓረብ ጽሕፈት። እኔ አላነበውም። ለኸድር ሰጠሁት።

ወደ ብርሃን ይዞት ወጣ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

“ሐሚድ፣ የዘሃራ ልጅ፣ ከአሶሳ ይላል” አለኝ በሰባራ አማርኛው። “ወንድሜ ነው። ዘሃራ እናታችን ነው። እናታችን ሞተ፤ ይሄን ሳይሰማ ሞተ።”

ሐሚድ በወጣትነቱ ከነጋዴዎች ጋር ሱዳን ወርዶ ቀረ፤ ወሬው እንኳ አልመጣም። ኸድር ብረቱን የገዛው መንጌ መንደር ወርቅ ከምታጥብ ባልቴት ነው። ከማን እንዳገኘችው አልጠየቃትም ነበር። የወንድሙን ስም ቤቱ አስቀምጦ ከርሟል፤ ሳያውቅ።

አህያውን ጭኖ ወደ መንጌ ሄደ።

ጥር ፲፫

ኸድር አልመጣም። አብረውኝ የመጡት የፊታውራሪ ሰዎች መቼ ነው የምንነሳው ይሉኛል። ብረቱን አልነካሁትም። ዘውዱን እንኳ ለማየት ድፍረት አጣሁ።

ጥር ፲፭፣ ወደ ማምሻው

ተመለሰ። ባልቴቷ ሁሉን ነግራዋለች። ከሱዳን በኩል አንድ ሰው በንዳድ እየተቃጠለ ጎጆዋ ደረሰ። ሽጉጡ ያኔም የተፈታ ነበር። ለምን ፈታኸው ብትለው፣ እናቴ ቤት መሣሪያ ይዤ አልገባም አላት። አስታመመችው፤ አልዳነም። ወንዙ ዳር ቀበረችው። መቃብሩን ለኸድር አሳየችው። ከቤቱ የቀረው የሁለት ቀን መንገድ ብቻ ነበር።

ከሰማሁ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ስፈታ ስገጥም ኖርኩ። ሰው ለእናቱ ብሎ ሲፈታ ግን አልሰማሁም።

ኸድር ጨርቁን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። “ቃል ሰጥቻለሁ። ውሰድ። እንጨቱን ብቻ ተውልኝ” አለኝ።

ቁጥሩ አንድ ነው። ብረቱ ደህና ነው። እንዲህ ያለ ሌላ አላገኝም። ፊታውራሪ ይቆጣሉ፤ ምናልባትም ከቤታቸው ያስወጡኛል። ሁሉንም ከእንጨቱ ጋር መልሼ ጠቀለልኩና ጭኑ ላይ አኖርኩለት። ሐሚድ የፈታውን እኔ አልገጥምም። ነገ ባዶ እጄን እነሳለሁ።