የሽምብራ ዓሣ ለገና

ኅዳር 12 ቀን 1982፣ ማክሰኞ

የአምስተኛ ክፍልን ፈተና አረምኩ። አርባ ሁለት ወረቀት። ዓይኔ ደከመ።

ሰፈሩ ቅበላ ላይ ነው። ጾሙ ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ከየቤቱ የዶሮ ወጥ ሽታ ይመጣል። እኛ ቤት ምስር ተበላ። ባሌ ፉፋ በመኪናው ከባኮ በቆሎ ጭኖ ገባ፣ በላ፣ ተኛ። ልጄ ሲንቄ ሳህን አጠበች።

እኛ ጾም የገባነው ካቻምና ነው። የወታደሩ ልጄ የሞሲሳ የመጨረሻ ደብዳቤ የየካቲት ነበር። ከዚያ እሱ ያለበት ግንባር ወሬው ጠፋ። የዚያን ዓመት ፋሲካ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ተሳልኩ… ልጄ በዚህ በር እስኪገባ ድረስ እዚህ ቤት ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል አይቀመስም። ለባሌና ለልጄ ነገርኳቸው። አልጠየቅኋቸውም። ለጎረቤት ትንፍሽ አላልኩም። ስለት ከቤት ከወጣ ይቀላል፣ ትል ነበር እናቴ።


ኅዳር 24፣ እሑድ

ሲንቄን ለማግባት የጠየቀው የሌታ ሽማግሌዎች ለሁለተኛ ጊዜ መጡ። ልጁ ጉደር ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው። ጨዋ፣ ድምፁ የማይሰማ። አባቱ ኦቦ ቦጂያ ግን የሁለት ሰው ድምፅ አላቸው። ገበሬ ናቸው። ጴንጤ መሆናቸው ያስጨንቀኝ ነበር፤ ገና ሳይቀመጡ አሳቁን።

«እኛ ሦስት ነገር አንጠጣም» አሉ። «ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ። ስለ መብላት ግን ወንጌሉ አልከለከለንም!»

የገና ዕለት ቤተሰቡ በሙሉ ይመጣል። ስምንት ሰው። አብረን ምሳ በልተን ቃል እናስራለን። ፉፋ «እሺ» አለ። እኔም «እሺ» አልኩ። 


ኅዳር 25፣ ሰኞ

ጭቅጭቅ።

«በገና ቀን ምን ልታቀርቢ ነው? ሽሮ? ለአማች?»

«ሌላ እሠራለሁ።»

«ምን ሌላ? ካሰች፣ ሐዘን የተቀመጠ ቤት ይመስላል። ልጃቸው ሞቶ ደብቀዋል ይሉናል።»

ያቺን ቃል ተናገራት። ከዚያ ወጥቶ መኪናው ሥር ገባ። የተበላሸ ነገር እንደሌለው አውቃለሁ።

ሲንቄ እስክንጨርስ ጠበቀች። በኋላ «እማዬ» አለች፣ «ሞሲሳ ወንድሜ ነው። ግን እኔም ልጅሽ ነኝ።»

ለእንግዶቹ ስለቱን ብነግራቸውስ? አይሆንም። «እግዜር ያምጣው» ይሉኛል በአፋቸው። በዓይናቸው ደግሞ ሌላ ይሉኛል። ያንን ዓይን አልችለውም። በግ ባርድስ? ያን ቀን በእጄ ቀበርኩት ማለት ነው።


ታኅሣሥ 3፣ ማክሰኞ

አንድ ዋና ወጥ ያስፈልጋል። እንግዳ አይቶ «ይሄ ለበዓል ነው» የሚለው። ምስር አይሆንም። ጎመን አይሆንም። የእንጉዳይ ወጥ ጥሩ ነበር፣ ግን ወቅቱ አልፏል።

የሽምብራ ዓሣ ትዝ አለኝ። የሽምብራ ዱቄት ተቦክቶ፣ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ፣ ተጠብሶ፣ ደህና ቁሌት ውስጥ ይገባል። አክስቴ ሁዳዴ ላይ ትሠራው ነበር። አይቻለሁ እንጂ ሠርቼው አላውቅም።


ታኅሣሥ 8፣ እሑድ

ሞከርኩ። ዘይት ውስጥ ስጨምረው ተበተነ። ከታች ጭቃ፣ ከላይ አረፋ። ሲንቄ ድስቱን አየችና «ዓሣው ዋና ረሳ» አለች። ሳቅን። ከተሳሳቅን ስንት ጊዜ ሆነን?


ታኅሣሥ 13፣ ዓርብ

ዘይት አለቀ። የቀበሌው ሱቅ «ለበዓል ይመጣል» አለ። የቱ በዓል እንደሆነ አልተናገረም።


ታኅሣሥ 17፣ ማክሰኞ

ፉፋ ከመንገድ አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይት አመጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አንድ ጆንያ አንጮቴም ከባኮ። ሥሩ ትልልቅ፣ አፈሩ ገና አልረገፈም።

«የሸጠችልኝ ሴትዮ በቅቤ ነው የሚበላው አለችኝ» አለ።

«ምን አልካት?»

«አውቃለሁ አልኳት።»

ዛሬ ዓሣው ተሳካ። ጥፋቴ ገባኝ። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውኃ ነበር የማቦካው። በሙቅ ውኃና በትንሽ ዘይት አሽቼ ሰዓት ያህል አሳረፍኩት። ከዚያ በደረቅ መጥበሻ ሁለቱን ገጽ አመስ አደረግኩት፣ ቀጥሎ ጠበስኩት። አልተበተነም። በሹካ ቅርፊት ሣልኩለት። ዓይን ላድርግለት ብዬ ተውኩት። ወጥ ውስጥ ሆኖ የሚያይ ነገር ደስ አይልም።

አንጮቴውን ቀቅዬ ልጬ ወቀጥኩት። በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በዘይት። ደህና ነው። ደህና ብቻ።


ታኅሣሥ 22፣ እሑድ

ደከመኝ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተኝቼ ዋልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ምግብን ያልሆነውን እንዲመስል አድርጎ መሥራት… የሚያደክመው ምግቡ ነው ወይስ እኔ?


ታኅሣሥ 28፣ ቅዳሜ፣ ዋዜማ

 

ጠዋት ቁሌቱን ጣድኩ። አንድ ሙሉ ድስት ሽንኩርት ቀስ ብሎ እስኪበስል። እኛ ጾመኞች ጾሙ ሳይፈታ የበዓል ወጥ አንቀምስም፤ ስለዚህ የገና ዋዜማ የሰፈሩ ድስት ሁሉ የሚቀመሰው በወርቅቱ ምላስ ነው። ከጎን ያለችው ጎረቤቴ። ጴንጤ ናት፣ አትጾምም። ከቤት ቤት እየተጠራች ጨው ስትለካ ትውላለች።

«አካም ጂርታ፣ ሃዳ ሞሲሳ!» ብላ ገባች። እንደምን ነሽ፣ የሞሲሳ እናት ማለቷ ነው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ። «ሰባት ቤት ቀምሻለሁ፣ ምሳ እንዳታቀርቢልኝ።»

ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች። «ጨው ልክ ነው። ግን… ማሎ እባክሽ፣ አንድ ነገር ጎድሎታል።»

«ምንም አልጎደለውም» አልኳት።

በዚያው ሰዓት ለቀበሌ ስብሰባ ጡሩንባ ተነፋ። የቀረ ይቀጣል። ሲንቄ ጸጉሯን ልትሠራ ወጥታለች። «እሳቱን እዪልኝ» ብዬ ለወርቅቱ ትቼ ሄድኩ።

ስመለስ ከበሩ ሸተተኝ። ገና ሳልገባ። ንጥር ቅቤ። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ… እግሬ ቆመ።

ወርቅቱ እየሳቀች ጠበቀችኝ። «ከቤቴ አምጥቼ ሦስት ማንኪያ ጨመርኩበት። ቅቤ እንዳጣሽ የማላውቅ መስሎሽ ነው? ችግር ያለ ነው፣ ጎረቤት ለምንድን ነው? የልጅሽ አማቾች ቅቤ የሌለው ወጥ ሊበሉ ነበር!»

 ሁለት ዓመት ሙሉ ቅቤ መግዣ ያጣሁ መስሏት ስታዝንልኝ ኖራለች። ስለቱን ደብቄ ያተረፍኩት ይሄን ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት። በሩን ዘጋሁና ድስቱ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ዘይት የለም። ሽንኩርት የለም። ነገ ስምንት ሰው ይመጣል። ልድፋው? በምን ልተካው?

አልደፋሁትም። የጠበስኳቸውን ዓሣዎች ጨመርኩበት። ለማንም አልተናገርኩም። እኔ አንጮቴውን ብቻ እበላለሁ።


ታኅሣሥ 29፣ እሑድ፣ ገና

መጡ። ተቀመጡ። ወጡን አወጣሁ። ኦቦ ቦጂያ አንዱን ዓሣ በጣታቸው አነሱና አገላበጡት።

«ይሄ የየት ሐይቅ ነው? የወንጪ?»

«የሽምብራ ነው» አልኩ።

«የሽምብራ! በገና ዕለት! እኔ በግ ስጠብቅ እርሻ መጣልኝ!» ሁሉም ሳቀ። ሲንቄ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ኦቦ ቦጂያ ጎረሱ፣ ደግመው ጎረሱ። «ሌታ» አሉ፣ «የዚህችን ሴት ልጅ ካላገባህ እኔ ወደ ቤት አልመለስም።»

የሲንቄ ፊት በራ። ያንን አየሁ።

ግን በይበልጥ ፉፋን ነበር የማየው። መጀመሪያ ሲጎርስ ቆመ። ተመለከተኝ።  ሁለተኛ ቆረሰ። ሦስተኛ። የሚበላው ቀስ ብሎ ነበር፣ እንዳያልቅበት እንደሚሠጋ ሰው። ከመቼ ወዲህ እንደዚያ ሲበላ አላየሁትም። እንዴት እንደከሳም ዛሬ አየሁ።

ኦቦ ቦጂያ ተነሡ። ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው፣ ወጡ በእጃቸው እየፈሰሰ፣ በሰው ሁሉ ፊት ወደ እኔ መጡ።

«የልጄ እናት፣ አፍሽን ክፈቺ። ዛሬ ዘመድ ሆነናል።»

የአማች ጉርሻ አይመለስም። መመለስ ልጄን አልሰጥም ማለት ነው። ቤቱ ሁሉ ያየኛል። ሲንቄ ወጡን ከቀመሰች ጀምሮ ቅቤውን አውቃዋለች። ጨርቋን ጨምድዳ ይዛ ዓይን ዓይኔን ታያለች። አትጎርሺ እያለችኝ ነው? ጉረሺ? በሩ ክፍት ነበር። ወደ በሩ አየሁ። ማንም አልገባም።

አፌን ከፈትኩ።

ዋጥኩት። ጣፋጭ ነበር። ከሁሉ የከፋው እሱ ነው… ጣፋጭ ነበር።


ታኅሣሥ 30፣ ሰኞ

ፉፋን ጠዋት አስቀምጬ ነገርኩት። ወርቅቱን፣ ቅቤውን፣ ሁሉንም።

«እኔ ስለቱን ፈታሽው ብዬ ነው» አለ። «ለሲንቄ ስትይ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«አንቺስ መቼ ጠየቅሽኝ?»

ቆይቼ ያልደፈርኩትን ጠየቅኩ። መንገድ ላይስ? ባኮ፣ ጉደር፣ ሾፌሩ ሁሉ ሥጋ ቤት ሲገባ?

«መኪናው ውስጥ ነው የምበላው» አለ። «መስኮቱን ዘግቼ። ሽታው እንዳይገባ።»

ሁለት ዓመት። እኔ ደግሞ በልቤ ስጠረጥረው ነበር የኖርኩት።


ጥር 3፣ ሐሙስ

ንስሐ አባቴ አባ ወልደሰንበት ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ሰሙ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ስለቱን የገባው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ አባ።»

«የተራበውስ?»

የነጠላዬን ጫፍ አጣጠፍኩ።

«ልጄ፣ ሰው በገዛ ሆዱ ነው የሚሳለው። አንቺ በሦስት ሰው ሆድ ተሳልሽ።»

«ልጁ የሦስታችንም ነው ብዬ ነው።»

«ነው። ናፍቆቱ ግን ለየራስ ነው። እነሱ በራሳቸው መንገድ ይናፍቁት።»

የእኔን ስለት አላነሱልኝም። እንዲያነሱልኝም አልጠየቅሁ። ላጎደልኩት ሰባት ቀን ስግደት ሰጡኝ። ስወጣ ስሙን ጠየቁኝ፣ የክርስትናውን። በጸሎት ያስቡታል። በሕይወት እንዳለ ሰው ነው የጠየቁኝ።


ጥር 6፣ እሑድ

ለወርቅቱ ስለቱን ነገርኳት። መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። «ምነው ምላሴን በቆረጠው» ትላለች። እኔ ነኝ የማጽናናት። በመጨረሻ ሁለታችንም ሳቅን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ለቀረውም ጎረቤት እንድትነግር ፈቀድኩላት። እንደሚያዩኝ ይዩኝ።

ከሞሲሳ ወሬ የለም።

ሲንቄ ለሚያዝያው ሠርግ እየተሰናዳች ነው። በጠዋት ሥጋ ቤት ሄድኩ፣ ራሴ። ባለ ሥጋ ቤቱ «እንግዳ መጣ እንዴ?» አለኝ። «የቤት ሰው ነው» አልኩት።

ሁለት ድስት ጣድኩ። በትንሹ ድስት ለእኔ ሽሮ። በትልቁ ለእነሱ ቀይ ወጥ፣ በሥጋ፣ በቅቤ። እጄ አልረሳውም ነበር።

ፉፋ ቀረበ። ጎረሰ፣ አላመጠ።

«ጨው አንሶታል» አለ።

በሁለት ዓመት ውስጥ ስለ ሠራሁት ምግብ ጣዕም አንድ ቃል ሲናገረኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው። እውነቱንም ነው፣ አንሶታል። መቅመስ አልችልም ነበር።

ጨዉን አቀበልኩት።