የተረፉ ኪኒኖችን ሲቆጥሩ የኖሩት ነርሳችን ዕረፍት

የመድኃኒት ምርምር ተቋማችን የሙከራ ክፍል ዋና ነርስ የነበሩት፣ የሙከራው ተሳታፊዎችም እኛም «እታለም» የምንላቸው ሲስተር፣ ባደረባቸው ሕመም ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። እኛ የተቋሙ ኃላፊዎችና ሠራተኞች ሐዘናችን ከባድ ነው። ይህን መግለጫ ሦስት ጊዜ ጽፈን ሦስት ጊዜ ቀደድነዋል።

እታለም ተቋሙን የተቀላቀሉት ደረታቸውን ለሚወጋቸው የልብ ሕሙማን አዲስ ኪኒን መሞከር በተጀመረበት ዓመት ነው። የመጡበትንም ምክንያት አልደበቁም፤ ባለቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር፣ ደረጃ ሲወጡ ሁለቴ ሦስቴ የሚቆሙ የልብ ሕመምተኛ ነበሩ። ተሳታፊዎች የተረፋቸውን ኪኒን በየሐሙሱ ሲመልሱ፣ እታለም መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በነጭ ሳህን ላይ ፍሬ በፍሬ ይቆጥሩ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ኪኒኑ ለልብ እንደማይረባ ታወቀ። ወንዶቹ ተሳታፊዎች ግን የተረፋቸውን መመለስ ተዉ። አንዱ «ጠፋብኝ»፣ ሌላው «አይጥ በላብኝ» አሉ፤ አንድ አዛውንት ደግሞ «እታለም፣ እባክሽ እሱን ተዪልኝ» ብለው መማጸናቸው በመዝገብ ሰፍሯል። እታለም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያሉ አንድ በአንድ ጠየቋቸው። ለዓመታት ከሚስቶቻቸው ጋር እንደ ወንድምና እህት የኖሩ ሰዎች የወንድነት ኃይላቸው እንደተመለሰላቸው አንገታቸውን ደፍተው ነገሯቸው። እሳቸውም ሳያፍሩ በጎንዮሽ ጉዳት ቅጹ ላይ ጻፉት።

እኛ አፈርን። ለቢሮ ወረቀት ነውር ነው ብለን ጽሑፋቸውን ሰርዘን «ልዩ ልዩ» በሚል ተካነው። ስምንት ወር ሙሉ ሰረዝን፤ ስምንት ወር ሙሉ መልሰው ጻፉ።

በአራተኛው ዓመት ነገሩ ገባን፤ ጥናቱም በዚያው መንገድ ቀጠለ። በሰባተኛው ዓመት ኪኒኑ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ የስንፈተ ወሲብ መድኃኒት ሆኖ ጸደቀ። «ሳይደግስ አይጣላም» ተባብለን አጨበጨብን። በአዳራሹ ውስጥ እታለም ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ ስማቸውን ያነሳ አልነበረም።

በዚያው ሳምንት የልብ ምርምሩን ዘጋን፤ ባለሙያዎቹንም ወደ አዲሱ ሥራ አዛወርን። እታለም ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ደብዳቤ ይጽፉልን ነበር። የመጀመሪያው ደብዳቤ «አልጋው ዳነ፤ ደረቱስ?» ይላል። ዘጠኝ ደብዳቤዎች ደርሰውናል፤ ለአንዱም መልስ አልሰጠንም።

ትናንት ለቅሶ ልንደርስ ሦስት የክፍል ኃላፊዎች ወደ ቤታቸው ሄድን። ባለቤታቸው ሊቀበሉን እስከ በሩ ወጥተው፣ ግድግዳውን ይዘው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙ። ከዚያም «የዘንድሮውን ደብዳቤ ሳትጨርሰው ነው የሄደችው። እኔ ልጨርሰው? ወይስ አትድከም ትሉኛላችሁ?» ብለው ጠየቁን።

ለእሳቸው፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸውና ለሙከራ ክፍሉ ባልደረቦች መጽናናትን እንመኛለን። ሌላ የምንሰጣቸው የለንም።