ሊዱ ሳይቀዘቅዝ፦ የእታለም የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ቤተ ዘመዱም የቲያትር ቤቱም ሰው «እታለም» እያለ የሚጠራቸው እኅታችን፣ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው በ1945 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት ከባቡር መጋዘኑ ጀርባ ያለችው፣ ዝናብ ሲመጣ ባልዲ የሚደረደርባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ናት። እናታቸው የሰውን ሁሉ ልጅ ሲያዋልዱ ኖረው፣ የራሳቸውን ሁለተኛ ልጅ የወለዱት እታለም አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ነው። ይህን ታሪክ የጻፈው ያ ታናሽ ወንድማቸው ነው። የተጋነነ ነገር ካገኛችሁ እሱን ውቀሱ፤ እሳቸው ማጋነን አይወዱም ነበር።

እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው እናታቸው በማረፋቸው ትምህርቱን አቋረጡ። ለአምስት ዓመቱ ወንድማቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ እኅትም እናትም ሆኑ። በ1964 ዓ.ም. ከአባታቸው የተማሩትን ሙያ ይዘው በከተማው ቲያትር ቤት የመድረክ ልብስ ሰፊ ሆነው ተቀጠሩ። በ1970 ዓ.ም. ከቲያትር ቤቱ አናጢ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ወንድማቸው ሲያድግ እዚያው ተዋናይ ሆነ። «ቤት ውስጥ በነፃ ከሚዋሽ ደመወዝ እየተከፈለው ይዋሽ ብዬ ነው ያመጣሁት» እያሉ ያሾፉበት ነበር።

በ1978 ዓ.ም. የመብራትና የድምፅ ኃላፊው፣ ከብየዳ ጭስ ስለማይለዩ «አባ ጭስ» የሚባሉት አዛውንት፣ እታለም በጭላንጭል ብርሃን መርፌ ላይ ክር ሲያስገቡ አይተው «ይቺ እጅ ክር ላይ ባከነች» አሉ። ሥራው የሽቦ ብየዳ ነው፤ በጋለ ብረት፣ ሊድ የሚባለውን ቶሎ የሚቀልጥ ማያያዣ አቅልጦ ሽቦውን ከመሰኪያው ጋር ማያያዝ። የማይክሮፎኑም፣ የመብራቱም፣ የምልክት መስጫውም ገመድ ጫፉ ላይ የሚይዘው ይኸው የሩዝ ፍሬ የምታህል ሊድ ናት። እታለም ከመጽሐፍ አልተማሩም፤ በእጃቸው ነው የተማሩት። አባ ጭስ የተበየደውን ሁሉ በጉጠት እየጎተቱ ይፈትኑ ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት አንድም አልተረፈ። እታለም ጣታቸው ተቃጥሎ በጨርቅ ጠቅልለው መጡ እንጂ አልቀሩም፤ እሳቸው እቴ! «ሊዱን ሳይሆን ሽቦውን አሙቂው፤ ሊዱ ራሱ ይመጣልሻል» ይሏቸው ነበር አባ ጭስ። ከሁሉም አብልጠው ያስጠነቀቋቸው ግን አንድ ነገር ነው፤ ብረቱ ከተነሳ በኋላ ሊዱ እስኪቀዘቅዝ እጅ አይነቃነቅም። የተነቃነቀ ብየዳ ላይ ላዩን የያዘ ይመስላል፤ ወራት ይሠራል፣ አንድ ቀን ይከዳል።

በአራተኛው ወር ጉጠቱ ሲያሟልጭ እንጂ ብየዳው ሲለቅ አልታየም። እታለም ስፌታቸውን ሳይተዉ ሁለቱ የብየዳውን ሥራ ተካፈሉ። የማን እጅ እንደሆነ እንዲታወቅም በየመሰኪያው ክዳን ውስጥ ክር ማሰር ጀመሩ፤ አባ ጭስ ጥቁር፣ እታለም ቀይ። ይህን ምልክት ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በ1980 ዓ.ም. ወንድማቸው በአንድ ትልቅ ተውኔት መሪ ሚና አገኘ። በመጨረሻው ትዕይንት በገመድ ከተንጠለጠለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ አራት ሜትር ከፍ ብሎ፣ ወደ ሰገነት ይሻገር ነበር። ከመጋረጃ ጀርባ ገመዱን የያዘው ሠራተኛ ተዋናዩን አያየውም፤ የሚያየው አንዲት ትንሽ አምፖል ነው። ስትበራ ይዞ ይቆያል፣ ስትጠፋ ያወርዳል። በአሥራ ሁለተኛው ትርዒት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ወንድማቸው አንድ እግሩን ባነሳበት ቅጽበት አምፖሏ ጠፋች። ያጠፋት ሰው የለም። ሠራተኛው እንደታዘዘው አወረደ፤ ወንድማቸው በስድስት መቶ ተመልካች ፊት ወድቆ የዳሌ አጥንቱ ተሰበረ። ተመልካቹ የተውኔቱ አካል መስሎት አጨበጨበ።

ሥራ አስኪያጁ የአምፖሏን መሰኪያ ፖስታ ውስጥ አሽገው ቁም ሣጥን ቆለፉበት፤ የሚከፈተው ከውጭ ባለሙያ ሲመጣ፣ በዘጠነኛው ቀን ነው ተባለ። እስከዚያ ጣት ሁሉ የተቀሰረው በአባ ጭስ ላይ ነበር። «ዐይናቸው ደክሟል፤ ምነው ቀደም ብለው ጡረታ በወጡ» ተባለ። ጡረታቸው ሦስት ወር ቀርቶት ነበር። ልብስ ሰፊዋን የጠረጠረ የለም። እታለም ግን በዚያ ሰሞን ከተበየዱት ግማሾቹ የእሳቸው መሆናቸውን ያውቃሉ። ጠዋት ከወንድማቸው አልጋ ሥር ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ወርክሾፕ ገብተው የቀሩትን መሰኪያዎች አንድ በአንድ እየከፈቱ ይጎትታሉ። ጥቁሩም ቀዩም ያዘ። የቀረው የታሸገው ብቻ ነበር።

ባለቤታቸው ነገሩ ገብቷቸው «አፍሽን ያዢ፤ ልጆች አሉን» አሏቸው። አባ ጭስም ሆስፒታል ድረስ መጥተው «እኔ እንደሆንኩ መሄዴ ነው። ቢከፈት ቀይም ይሁን ጥቁር የእኔ ነው እላለሁ፤ ስለ ክሩ ማን ያውቃል? አንቺ ዝም በይ» አሉ። እታለም የወንድማቸውን ብርድ ልብስ አስተካክለው ወደ ወርክሾፕ ሄዱ።

በዘጠነኛው ቀን አደጋውን የሚያጣራው ኮሚቴ በልምምድ አዳራሽ ተሰበሰበ። ባለሙያው ክዳኑን ሲፈታ ሽቦው ከነሊዱ ለቆ ወጣ፤ ከሥሩ ቀይ ክር ታየ። ሰብሳቢው «ይኼ ክር ምንድን ነው?» ሲሉ አባ ጭስ ብድግ አሉ። እታለም ቀደሟቸው። «ቀዩ የእኔ ነው። የእሳቸው ጥቁር ነው፤ ሌሎቹን ከፍታችሁ እዩ» አሉ። እንዴት እንደተበላሸ ሲጠየቁ «ሊዱ ሳይቀዘቅዝ እጄ ተነቃነቀ» አሉ። ለምን ሲባሉ «ቸኮልኩ» ብቻ አሉ። ሰብሳቢው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለው ጻፉ። እታለም ለሁለት ዓመት ብረት እንዳይነኩ ታገዱና ወደ መርፌያቸው ተመለሱ። አባ ጭስ ስማቸው ሳይጎድፍ ጡረታ ወጡ፤ በወጡበት ዕለትም የራሳቸውን መበየጃ በጨርቅ ጠቅልለው እታለም የስፌት ጠረጴዛ ላይ አኖሩት።

በ1982 ዓ.ም. ወደ ወርክሾፑ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በሃያ ስምንት ዓመት ከሰባ በላይ ሰዎችን በእጃቸው አስተምረዋል፤ ዛሬ በየቲያትር ቤቱና በየሙዚቃ መድረኩ መብራት የሚያበሩት፣ ድምፅ የሚያሰሙት ብዙዎቹ የእሳቸው ተማሪዎች ናቸው። ወርክሾፓቸው በር ላይ «ብረት የያዘ ሰው አይጠራም» ብለው ጽፈው ለጠፉ። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው እንኳ በር ላይ አፋቸውን እንደከፈቱ ቆመው ሊድ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀዋል። ተማሪዎቹ «የእታለም ነገር! አመላቸው ነው» ብለው ይስቁ ነበር።

ባለቤታቸውን በ2007 ዓ.ም. በሞት ካጡ በኋላ በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ሁለት ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ውሸት ይሆናል። እታለም ያንን መሰኪያ ሲበይዱ የቸኮሉት በራሳቸው አይደለም። ታናሽ ወንድማቸው ከልብስ መቀየሪያው ክፍል «እታለም! ኧረ ቶሎ ነይ፣ አዝራሬ ተበጠሰ!» ብሎ ጮኸባቸው። እሳቸው ደግሞ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ሲጠራቸው ዞር ሳይሉ ቀርተው አያውቁም። ሆስፒታል ተኝቶ ይህንኑ ለኮሚቴው እናገራለሁ ሲል አፉን በእጃቸው ያዙት፤ «አንተ ወድቀሃል፤ ይበቃሃል» አሉት። እሱም በቃኝ ብሎ ተቀመጠ። በክራንቹ እየተደገፈ ሲሄድ ሰው «ምን ያለ ልብ ነው! እኅቱ ሰብራው ይቅር አላት» እያለ ሲያመሰግነው፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ምስጋናውን ተቀበለ። ይቅር የተባለው ግን እሱ ነበር። ይህንን እሳቸው በሕይወት ሳሉ ሊለው ይገባ ነበር፤ ፈርቶ አላለውም። ዛሬ አስከሬናቸው ፊት፣ በሁላችሁም ጆሮ ይነበብለት ብሎ ጽፎታል።

ፈጣሪ የእታለምን ነፍስ በሰላም ይቀበልልን፤ ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥ፤ ወንድማቸውንም ይማረው። አሜን።